እረፍት የወጡት አሥራ አንድ ሰዎች

አገሬን በስሟ አልጠራትም። በእኛ ዘንድ የአገሪቱን ስም በጽሑፍ የሚያነሳ ሰው አስቀድሞ ቅጽ መሙላት አለበት፤ እኔ ደግሞ በዕድሜዬ የሞላሁት ቅጽ ይበቃኛል። የራሴን ስም ግን የከለከለኝ የለም። ትርንጎ እባላለሁ። ፊልም አዘጋጅ ነበርኩ።

ፊልም አዘጋጅ ሲባል ካሜራ የሚይዝ ሰው የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ካሜራ የሚይዘው ዘርጋው የሚባል ባልደረባዬ ነው። እኔ የምይዘው ፋይል ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፋይል ይዤ ከቢሮ ቢሮ ዞሬያለሁ። በማንም ሥር አልነበርኩም፤ የሚያስጠጋኝም አልነበረም፤ ምክንያቱም ፊልሞቼ ስለ ዋና ከተማው ሰዎች አልነበሩም። የመጀመሪያው ስለ ሸማኔዎች ነበር። ሸማኔዎቹ ሲሸምኑ እንዳይታዩ በሚል ተፈቀደልኝ፤ ልብስ በድካም የሚሠራ ያስመስላል ተባለ። እሺ አልኩ። ሁለተኛው ስለ ጀልባ ቀዛፊዎች ነበር። ወንዙ ጥልቅ እንዳይመስል ተባለ። እሺ አልኩ። ሦስተኛው ስለ ቆዳ ፋቂዎች ሲሆን፣ ማንም ሰው አፍንጫውን እንዳይዝ ተብሎ ተፈቀደ። እሺ ማለት የሙያው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ደጅ መጥናት ነው።

አራተኛው ፊልም ስለ ኖራ አቃጣዮች ነበር። የምነግራችሁ የሱን ነገር ነው።

ዋና ከተማችን ነጭ ናት። በየዓመቱ መባቻ እያንዳንዱ ሰው የቤቱን ግድግዳ ኖራ የመቀባት ግዴታ አለበት። ኖራው ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ግን የለም። እኔም አልጠየቅኩም ነበር። አንድ ጊዜ ወደ አገር ቤት ስሄድ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ተበላሸና በማላውቃት ከተማ ግማሽ ቀን ቆምን። የዛፉ ቅጠል ነጭ፣ አህያው ነጭ፣ የሰዉ ቅንድብ ነጭ። ከኋላዋ ያለው ተራራ እንደ ተገመጠ ዳቦ ተጎርዷል። ድንጋዩን ከዚያ እየፈለጡ በእቶን ያቃጥሉታል፤ ሴቶቹ ዱቄቱን በወንፊት ይነፋሉ። የዚያች ከተማ ሰዎች አቧራው እንዳይገባባቸው ከንፈራቸውን ገጥመው ነው የሚናገሩት። የቃሉን መጨረሻ ይውጡታል። መጀመሪያ ላይ የሚያንሾካሹኩ መስሎኝ ነበር።

ውሃ ለመለመን የገባሁበት ቤት የእትዬ ማንጠግቦሽ ነበር። ስድሳን የተጠጉ፣ ቀጭን፣ ፊታቸው የማይፈታ ኖራ ነፊ ናቸው። ውሃውን እየጠጣሁ ግድግዳው ላይ መስታወት የተገጠመለት ወረቀት አየሁ። ማኅተም አለበት። "ሠራተኛ ድንበሩ ላልተወሰነ ጊዜ እረፍት ወጥቷል" ይላል።

"ባለቤትዎ ናቸው?" አልኳቸው።

"አዎ።"

"የት ሄደው ነው?"

"የትም። ሦስተኛው እቶን ሲናድ ውስጡ ነበር። ከአሥር ሰው ጋር።"

ወደ ግድግዳው ጠቆምኩ።

"ታዲያ ይሄ ወረቀት?"

"ያን ዕለት ማታውኑ ታትሞ ለአሥራ አንዳችንም ቤት መጣ። በእኛ እቶን ሰው አይሞትም፣ እረፍት ይወጣል አሉን። እቶኑን በሽቦ አጠሩትና 'ለጊዜው ያረፈ' የሚል ሰሌዳ ሰቀሉበት። ማልቀስም ተከለከለ። እረፍት ለወጣ ሰው ማልቀስ እንዳይመለስ መመኘት ነው ተባለ።"

"ስንት ጊዜ ሆነው?"

"ዘንድሮ አምስት ዓመቱ።" ብርጭቆውን ከእጄ ወሰዱት። "አንቺ ምንድነው ሥራሽ ልጄ?"

ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና እንዲህ አሉኝ፤ "እንግዲያውስ ሞተ የሚል ፊልም ሥሪልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። አንድ ሰው ሞተ ይበልልኝ።"

እሺ አልኩ። በሕይወቴ እሺ ካልኩት ነገር ሁሉ በፈቃዴ እሺ ያልኩት እሱን ብቻ ነው።

ድርሰቱን ጽፌ ወደ ገጽታ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ወሰድኩት። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ገጽታ ጠባቂ ይባላሉ። ለስላሳ፣ ድምፃቸው የማይሰማ፣ እንግዳ ሲመጣ ከወንበራቸው የሚነሱ ሰው ናቸው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

"ወይዘሮ ትርንጎ፣ ድርሰትዎ ግሩም ነው፤ አልቅሼበታለሁ" አሉኝ።

"አመሰግናለሁ።"

"ማልቀሴ ነው ችግሩ።" ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። "በመጀመሪያ፣ አቧራ የሚል ቃል መቶ ጊዜ ያህል አለ። ጭጋግ ይበሉት። ጭጋግ ያምራል። ሁለተኛ፣ የሰዎቹ አነጋገር ይቃናል፤ አነጋገር አቃኝ አብሮዎት ይሄዳል። ሦስተኛ፣ ላብ። ላብ ከግንባር እስከ ቅንድብ ይፈቀዳል፤ ከቅንድብ በታች ከወረደ ድካም ይሆናል። ላብ ተቆጣጣሪም እንመድብልዎታለን።"

"እሺ።"

"አራተኛ፣ ይሄ ሰውዬ ሞተ ይላል።"

"ሞቷል።"

"እረፍት ላይ ነው። በእረፍት ላይ ያለን ሰው ሞተ ማለት በሌለበት ስሙን ማጥፋት ነው።"

"አምስት ዓመት እኮ ሆነው፣ ጌታዬ።"

"ሲለፉ የኖሩ ሰዎች ናቸው" አሉ ከልባቸው አዝነው። "ረጅም እረፍት ይገባቸዋል።"

አራተኛውን እሺ አላልኩም። ፋይሌን ይዤ ወጣሁ። በወሩ ተመልሼ ሄድኩ፤ ገጽታ ጠባቂው ተነሱልኝ፣ አስቀመጡኝ፣ ያንኑ ደገሙልኝ። ዓመት ከመንፈቅ ተመላለስኩ። የመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ሰባ ሁለት ነው፤ ጉልበቴ ያውቀዋል። በመጨረሻ አንድ ቀን ኃላፊው ራሳቸው መፍትሔ አገኙ።

"ለምን አይመለስም?" አሉ።

"ማን?"

"ሰውየው ነዋ! እረፍቱን ጨርሶ ይመለስ። ሚስቱ ደጅ ላይ ትቀበለው። ያኔ ፊልሙን ዛሬውኑ እፈቅዳለሁ።"

ምን እንደመለስኩ አላስታውስም። የማስታውሰው እስክሪብቶውን ነው። ደክሞኝ ነበር። ሌላ ምክንያት መፍጠር ይቻለኝ ነበር፤ ዘርጋው ሥራ ፈትቶ ነበር፣ ጤናዬ ታውኮ ነበር ልል እችላለሁ። እውነቱ ግን ደክሞኝ ነበር፤ ፈረምኩ።

ለእትዬ ማንጠግቦሽ ለመንገር ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጓዝኩ። ወንፊታቸውን ሳያስቀምጡ አዳመጡኝ። ሞተ እንደማይባል፣ እንዲያውም በፊልሙ መጨረሻ እንደሚመጣ፣ የሚመጣውም ከዋና ከተማ የሚላክ ተዋናይ እንደሆነ ነገርኳቸው። አንገቴን ደፍቼ ነው የተናገርኩት።

"ራሴን ሆኜ የምጫወተው እኔ ነኝ?" አሉ።

"ካልፈለጉ ሌላ ሰው..."

"እኔው ነኝ። ሰውየውን ደጅ ላይ የምቀበለውም እኔ ነኝ?"

"አዎ። ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ።"

ወንፊቱን ነቀነቁት። ነጩ ዱቄት በመካከላችን ወረደ።

"ተይው። ሰባት ዓመት ያልመጣ ሰው በፊልምም ቢሆን ይምጣ። የምጠይቀው አለኝ።"

ቀረጻው በበጋ ተጀመረ። ዳይሬክተር ለመሆን የደፈረ ስላልተገኘ እሱንም እኔው ያዝኩት። አነጋገር አቃኙ ወጣት፣ ትጉህ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ ሰው ነበር። የከተማዋን ሰዎች ሰብስቦ "አፋችሁን ከፍታችሁ ተናገሩ! ቃሉን እስከ ጫፉ!" ይላቸዋል። እነሱም ታዛዦች ናቸው፤ ከፍተው ይናገራሉ፤ ሦስት ቃል ሳይሞላ አቧራው ይገባና ሳሉ ይነሳል። ስለዚህ ሳሉን ቆርጠን ማውጣት ነበረብን፤ ሳሉ ሲወጣ ንግግሩም አብሮ ይወጣል። በሦስተኛው ሳምንት አነጋገር አቃኙ ራሱ ከንፈሩን ገጥሞ መናገር ጀመረ። ማንም አልነገረውም።

ላብ ተቆጣጣሪዋ ደግሞ ዝምተኛ ሴት ነበረች። ድንጋይ የሚያወርዱት ሰዎች ቅንድባቸው ላይ ላብ ሲደርስ እጇን ታነሳለች፤ ሥራው ይቆማል፤ ፎጣ ይሰጣቸዋል። በዚህ ዓይነት አንድ ጋሪ ድንጋይ ለማውረድ ግማሽ ቀን ፈጀ። አንድ ድንጋይ ፈላጭ ጠጋ ብሎ "እትዬ ትርንጎ፣ ፊልሙ ሁልጊዜ ቢኖር እንዴት ጥሩ ነበር" አለኝ። ከተወለደ ጀምሮ እንደዚያ አርፎ አያውቅም።

የመመለሱን ቀን ቀረጻ ለመጨረሻ አስቀመጥነው። ተዋናዩ ኩራባቸው ይባላል። በዋና ከተማ የታወቀ ነው፤ በሠርግ ፊልሞች ውስጥ ሙሽራ ሆኖ አርባ ጊዜ ያህል ተድሯል። ቁመናው ያማረ፣ በራሱ የሚደሰት፣ እንባ ሲያስፈልገው ከኪሱ ጠብታ አውጥቶ ዓይኑ ውስጥ የሚያንጠባጥብ ሰው ነው። ስለ ድንበሩ ጥቂት ልንገርህ ስለው "አያስፈልግም፣ መመለስ መመለስ ነው" አለኝ።

ረፋዱ ላይ ከእትዬ ማንጠግቦሽ ደጅ ፊት ለፊት ካሜራውን ተከልን። የከተማው ሰው ሁሉ ወጥቶ ቆሟል። ከሁሉ ፊት የቆሙት የአሥሩ ቤተሰቦች ነበሩ። አልጠራናቸውም፤ ራሳቸው መጡ።

ኩራባቸው የቆዳ ሻንጣውን ይዞ በመንገዱ መጣ። ደጁ ላይ ሲደርስ ቆመና በዚያ በሚያምር ድምፁ "ማንጠግቦሽ፣ እረፍቴን ጨርሼ መጣሁ" አለ።

"እንኳን ደህና መጣህ" አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ፤ አፋቸውን ከፍተው፣ ቃሉን እስከ ጫፉ። አነጋገር አቃኙ ራሱን ነቀነቀ። ድርሰቱ እዚህ ላይ ያልቃል።

እሳቸው ግን አላበቁም።

"የት ነበርክ?" አሉት።

ኩራባቸው ወደ እኔ አየ። ዘርጋውም ከካሜራው ጀርባ ወደ እኔ አየ። "አቁም" ማለት የኔ ሥራ ነበር። አላልኩም።

"ና ቁጭ በል፤ መንገዱ ይርቃል። በሄድክ በዓመቱ እናትህ አረፉ። እስከ መጨረሻው በሩን በሩን ያዩ ነበር። ልጅዎ እረፍት ላይ ነው፣ ይመጣል እያልኩ ዋሸኋቸው። ቅር እንዳይልህ። ጣሪያው ሁለት ጊዜ ተነቅሎ እኔው ነኝ ያሠራሁት። ልጅህን ዳርኳት። ሽማግሌዎቹ አባቷ ይምጣና ይመርቃት ቢሉኝ ወረቀትህን አውጥቼ አሳየኋቸው፤ ወረቀቱን ስማ ሄደች።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከንፈራቸውን ገጥመው፣ እንደ አገራቸው፣ "ድንጋዩ ይከብድሃል?" አሉት።

ኩራባቸው ሻንጣውን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ።

ከቆሙት መካከል አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቀረቡ። "ልጄ በላቸው አብሮህ አለ? ትንሽ ሳል ነበረችበት። ተሻለው?" አሉት። ከኋላቸው አንዲት ሴት መጣች፤ "ወንድሜንስ አየኸው? ቀይ ሹራብ ነው የለበሰው፤ እኔ ነኝ የሠራሁለት።" ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። አልተጋፉም። ተራቸውን ጠብቀው፣ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ስለ ዘመድ እንደሚጠየቅ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሰው ጠየቁት። ኩራባቸው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እያየ ሻንጣውን ለቀቀው። መሬት ላይ ተቀመጠ። ጠብታው ኪሱ ውስጥ ነበር፤ አላወጣውም።

"አላየኋቸውም" አለ። "እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እኔ የትም አልነበርኩም። ማንንም አላየሁም። እዚያ ማንም የለም።"

ከዚያ ቀይ ሹራብ የሠራችው ሴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና "ወንድሜን!" አለች። ሰባት ዓመት የታፈነው ልቅሶ በዚያች ጠባብ መንገድ ላይ ፈነዳ። ደረት ተመታ፣ ሙሾ ወጣ፤ የአሥራ አንዱም ስም በየተራ ተጠራ። ሽማግሌው የኩራባቸውን ትከሻ ይዘው "አይዞህ ልጄ" ይሉታል፤ የሚጽናናው እሱ ሆኖ። ላብ ተቆጣጣሪዋ እጇን አላነሳችም። አነጋገር አቃኙም የማንንም ቃል አላረመም። እትዬ ማንጠግቦሽ ግን አላለቀሱም። ወገባቸውን ይዘው ቆመው፣ የሰዉን ልቅሶ እንደ ባለጉዳይ ይሰሙ ነበር።

ዘርጋው ፊልሙ እስኪያልቅ ቀረጸ።

የተቀረጸውን ይዤ ወደ ገጽታ ጠባቂው ስሄድ ይከለከላል ብዬ ነበር። መከልከሉንም ፈልጌ ነበር መሰለኝ፤ የተከለከለ ፊልም ቢያንስ ፊልም ነው። ገጽታ ጠባቂው እስከ መጨረሻው በጥሞና ተመለከቱት፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

"እንዴት ያለ ደስታ ነው!" አሉ።

"ምን አሉኝ?"

"ሰውየው ሲመለስ ሕዝቡ በደስታ ማልቀሱ። ድምፁ ትንሽ ስለሚረብሽ እናወጣውና የማርሽ ሙዚቃ እናስገባበታለን። ርዕሱም 'እንኳን ደህና መጡ' ይሁን። ተፈቅዷል።"

እጄን ጨበጡኝ። ሰባ ሁለቱን ደረጃ ወረድኩ። መልሱልኝ፣ አልፈልግም ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

ፊልሙ በነጯ ከተማ በአሥር አዳራሽ ታየ። ከዚያ በፊት የሠራኋቸውን ሦስቱን አንድ ላይ ያየው ሰው የዚህን አንድ ቀን ተመልካች አያክልም። በማርሽ ሙዚቃው ሰዎች ደረታቸውን ሲመቱ፣ አዳራሹ ያጨበጭባል። አንዲት የከበሩ እመቤት ስወጣ አቅፈው ሳሙኝና "ገጠር ውስጥ ስንት ደስታ አለ እባክሽ!" አሉኝ። ኩራባቸው ለምረቃው ተጠርቶ አልመጣም። ታሟል ተባለ።

በወሩ የአውቶቡስ ሹፌር መልእክት ይዞልኝ መጣ። ከእትዬ ማንጠግቦሽ ነው። "ያመጣሽው ሰው ወደ ሥራ ተጠርቷል። ቶሎ ነይ" ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊልሙን የኖራ ሥራው አለቆችም አይተውታል። ሠራተኛ ድንበሩ ከእረፍት መመለሱ በገጽታ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማኅተም በተረጋገጠ ፊልም ታይቷል፤ ተመልሶ ግን ሥራ አልገባም። አንዱ ከተመለሰ የሌሎቹም እረፍት አብቅቷል። ስለዚህ ለአሥራ አንዱም ቤት ደብዳቤ ተጻፈ፤ በሦስት ቀን ውስጥ በሥራ ቦታው ያልተገኘ ከሥራ ይሰናበታል፣ የሚኖርበትንም የሠራተኛ ቤት ያስረክባል።

ስደርስ በፊልሙ ያደረግኩት ነገር ገባኝ። አሥራ አንድ ቤተሰብ ቤቱን ሊለቅ ነው። እትዬ ማንጠግቦሽን እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

"ተነሺ፣ ለዚህ አይደለም የጠራሁሽ። ነገ ጠዋት መዝጋቢው ይመጣል። አብረሽኝ ቁሚ።"

መዝጋቢው አቶ አያልቅበት ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሠራተኛ ሲገባና ሲወጣ የመዘገቡ፣ የማይስቁ፣ ከደንብ መጽሐፋቸው የማይለዩ ሰው ናቸው። ጠዋት በሥራው በር ላይ አሥራ አንዱ ቤተሰብ ተሰልፎ ቆመ። አቶ አያልቅበት መዝገቡን ዘረጉ።

"ሠራተኛ ድንበሩ!"

"አለ" አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ።

"የት?"

"ሥራው ላይ።"

"በየትኛው ቦታ?"

"ሦስተኛው እቶን።"

"መቼ ገባ?"

"ሰባት ዓመት አለፈው። ገብቶ አልወጣም። መዝገብዎን ይመልከቱ።"

አቶ አያልቅበት ገጹን ወደ ኋላ ገለጡ። ብዙ ገለጡ። የዚያን ዕለት መግቢያ በራሳቸው እጅ ተጽፏል፤ የመውጫው ቦታ ባዶ ነው። ጣታቸውን ባዶው ቦታ ላይ አድርገው ቆዩ።

የሥራው ኃላፊ ሮጠው መጡ። "አቶ አያልቅበት፣ አልተገኙም ብለው ይጻፉና ይጨርሱት እንጂ!"

"አልችልም" አሉ አቶ አያልቅበት። "ደንቡ አንድ ሠራተኛ አልተገኘም የሚባለው ያለበት የተባለው ቦታ በዓይን ታይቶ ሲረጋገጥ ነው ይላል። ቦታው ሦስተኛው እቶን ተብሏል። አላየሁትም።"

"እቶኑ እኮ ታጥሯል! ያረፈ ነው!"

"እረፍት አብቅቷል የሚል ደብዳቤ የፈረሙት እርስዎ ነዎት።"

ኃላፊው ከበሩ ዞር አሉ። አቶ አያልቅበት ሆን ብለው ያደረጉት ይሁን ወይስ ደንቡ ይዟቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ኋላ ጠይቄያቸው "ሥራዬ ነው" ብቻ አሉኝ። ሽቦው ተቆረጠ። ማንም ሳያዝዛቸው ድንጋይ ፈላጮቹ ከየእቶኑ ዶማና አካፋቸውን ይዘው መጡ። አራት ቀን ተቆፈረ። ላቡን የሚቆጣጠር አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አገኟቸው። ብዙውን አልናገርም። ሁሉም አንድ ማዕዘን ላይ፣ እርስ በርስ ተጠጋግተው ነበር። ከቀዩ ሹራብ የቀረ ክር ነበር። እትዬ ማንጠግቦሽ ድንበሩን በቀበቶው ለዩት፤ ዘለበቱ ተሰብሮ በሽቦ ያሰሩለት እሳቸው ናቸው። አቶ አያልቅበት በጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው አሥራ አንዱንም በስማቸው ጠሩ። ቤተሰቡ እየመሰከረ፣ በእያንዳንዱ ስም አጠገብ በደንበኛ የእጅ ጽሕፈታቸው "ተገኝቷል" ብለው ጻፉ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የተገኘ ሠራተኛ አይሰናበትምና ቤቶቹም አልተወሰዱም።

የእኔን ነገር በአጭሩ ልጨርሰው። ፊልሙ በዚያው ሳምንት ከየአዳራሹ ወረደ። ገጽታ ጠባቂው ጠርተው፣ እንደ ወትሮው ተነስተው፣ አስቀመጡኝ። ከሥራ ቦታው ፈጽሞ ያልተለየን ሰው ከእረፍት ተመለሰ ብዬ ሐሰት በማሳየቴ የአዘጋጅነት ፈቃዴ ተሰርዟል አሉኝ። "እርስዎ ነዎት እኮ ያሉኝ" አልኳቸው። "እኔ ሐሳብ ነው ያቀረብኩት፤ የፈረሙት እርስዎ ነዎት" አሉ፤ አዝነው። እውነታቸውን ነው። ፋይሌን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። የልቅሶው ድምፅ ያልተቆረጠበት ቅጂ ዘርጋው ዘንድ አለ፤ የት እንዳስቀመጠው ጠይቄው አላውቅም።

ቀብሩ የተፈጸመው ከዚያ በፊት፣ በተገኙ በማግሥቱ ነው። አሥራ አንዱም በአንድ ቀን ተቀበሩ። በዚያች ከተማ ያን ቀን እቶን አልነደደም፤ ተራራውን ጥርት ብሎ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ኩራባቸው ከየት እንደሰማ አላውቅም፤ ጢሙ አድጎ፣ ተራ ልብስ ለብሶ መጥቶ ከተሸካሚዎቹ ጋር ገባ። ማንም ምንም አላለውም። የድንበሩን ሣጥን የፊት ግራውን ማዕዘን ይዞ እስከ ጉድጓዱ ሄደ።

ስንመለስ ድንኳን ተተክሎ ነበር። እትዬ ማንጠግቦሽ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሰዉ እየመጣ "እግዜር ያጥናሽ" ይላቸዋል፤ እሳቸውም "እግዜር ይስጥልኝ" ይላሉ። ሞተ የሚለውን ቃል ሰዎች በዙሪያቸው በግልጽ ሲሉት ይሰማሉ። መቼ እንደሞተ፣ እንዴት እንደሞተ፣ ደግ ሰው እንደነበረ።

"ያሉኝን አልሠራሁልዎትም" አልኳቸው። "ሞተ የሚል ፊልም ነበር የጠየቁኝ።"

"አዎ፣ አልሠራሽልኝም" አሉ። ሊያጽናኑኝ አልሞከሩም። ነጠላቸውን አስተካክለው "ደከመኝ ልጄ" አሉኝ።

"ትንሽ ጋደም ይበሉ።"

"እዚሁ ይሻለኛል።"

ራሳቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። ገና እኩለ ቀን ነበር፤ ሰዉ ይገባል፣ ይወጣል፣ ያወራል። እሳቸው እንቅልፍ ወሰዳቸው። አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ ነበር። ልጃቸው መጥታ ልታነሳቸው ስትል በእጄ ተይ አልኳት። ክንዴ ደነዘዘ፣ ከዚያ አንገቴ፣ ከዚያ ወገቤ። የድንኳኑ ጥላ እስኪዞር ድረስ አልተነቃነቅኩም።